ዶቪን የቆረጠመው ጥሬ

እንዳላማው በቆርቆሮው በር ስንጥቅ ወደ ውጭ አየ። ሦስት ሰዎች በመንገዱ ይመጣሉ። ከፊት ጥምጥማቸውን አሳምረው መስቀላቸውን የያዙት የነፍስ አባቱ መምሬ ወልደ ሰንበት ናቸው። ከጎናቸው ጃንጥላ ነጋዴው መሳፍንት ነጠላውን አጣፍቶ ይራመዳል። ሦስተኛው፣ ጋቢውን ደርቦ ከኋላ ቀስ እያለ የሚመጣው፣ ቢተው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት። የደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ቢመጣ እንዳላማው ወንበር ያጣ እንደሆን እንጂ ፊቱን አያጠቁርም። ቢተው ግን ወደዚህ ግቢ መግባት አይችልም። እንዳይገባ በቅዱስ ሚካኤል ስም የማለው ራሱ እንዳላማው ነው። ሦስቱ ሰዎች ደግሞ የመጡት ሴት ልጁን ዜማን ለጋብቻ ሊጠይቁት ነው፤ ሽማግሌዎች ናቸው።

«መጡ?» አለች ሚስቱ የኔአለም ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆና።

«መጡ።»

«እሱም አለ?»

እንዳላማው ዓይኑን ከስንጥቁ አላነሣም። የኔአለምም አልደገመችም፤ ከጀርባው አወቀችው።

ነገሩን ከሥሩ ማውራት ይሻላል። እንዳላማው ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው። ደምበጫ አካባቢ ከገበሬ ቤት ተወልዶ፣ የአባቱ መሬት ለታላላቆቹ ተሸንሽኖ እሱ ዘንድ ሳይደርስ ቢያልቅበት፣ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ማርቆስ ገብቶ የወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ከመሸከም ወደ ማፍሰስ፣ ከማፍሰስ የሞተሩን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ወደ መቀየር፣ ከዚያም የወፍጮውን ድንጋይ ወደ መውቀር እያለ፣ ዛሬ የራሱ ወፍጮ አለው። ቅንድቡ በበዓል ቀን ካልሆነ ጥቁር ሆኖ አይታይም። እህል ሲመጣለት ከማፍሰሱ በፊት አንዲት ፍሬ ጥርሱ ላይ ያደርግና «ይሄ የደብረ ኤልያስ ስንዴ ነው»፣ «ይሄን ዝናብ ነክቶታል» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ልክ ባልሆነ ጊዜም የሚከራከረው የለም፤ እህሉን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከባለወፍጮ ጋር ምን አጣላው?

ከወፍጮ ቤቱ ጎን የማንጠግቦሽ ሻይ ቤት አለች። ቅዳሜ ገበያው ሲበተን እንዳላማው ፊቱን ታጥቦ እዚያ ይቀመጣል። ከዕለታት በአንዱ ቅዳሜ ታዲያ ማንጠግቦሽ ዜና ልታይ የከፈተችው ቴሌቪዥን ላይ በአማርኛ የተተረጎመ አንድ የውጭ ድራማ ይታይ ነበር፤ «የመጨረሻው ዘር» ይባላል። ምድር ተቃጥላለች። የተረፉ ሰዎች የዓለምን ዘር ሁሉ በሰባት ጎተራ ከትተው በአንዲት ግዙፍ መርከብ ሰማይ ለሰማይ ይጓዛሉ። የሚያርፉበት መሬት እስኪያገኙ ድረስ፣ ለዕለት ጉርስ ከተፈቀደው ከአንዱ ጎተራ በቀር፣ ዘሩን መብላት ክልክል ነው። አዛዡ ማሮን ይባላል፤ የጎተራዎቹ ጠባቂ ሴላ የምትባል ሴት ናት፤ ሞተሩን የሚጠግነው ዶቪን ነው። ሌላው ተመልካች ተኩሱንና ፍቅሩን ሲያይ እንዳላማው ዓይኑን ከጎተራዎቹ አልነቅል አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እህል ሲፈጭ የኖረ ሰው፣ የሰው ልጅ ሁሉ ነፍሱን በጥሬ ላይ አንጠልጥሎ ሲሄድ አየ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከማንም ቀድሞ የመጣው እሱ ነበር።

ቅዳሜ ያዩትን እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው ሻይ ቤት ይከራከሩበታል። መቼስ ክርክር ሲባል እንዲህ ያለ ክርክር ነው። የመርከቧ ዶሮዎች ፀሐይ በሌለበት በምን አውቀው ይጮኻሉ? ወደ ሞተሩ ክፍል የሚወስደው መተላለፊያ በፊት ወደ ቀኝ ይታጠፍ ነበር፤ አሁን ለምን ወደ ግራ ታጠፈ? የሴላ ጠባሳ በየትኛው ጉንጯ ላይ ነበር? መሳፍንት በልጅነቱ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ነው፤ ቅኔውን ቢረሳም የትርጓሜ መምህራኑን አነጋገር አልረሳም። «አንድም ድራማውን የሠሩት ተሳስተው ነው» ይላል ሻዩን እያማሰለ፤ «አንድም መርከቧ ዞራ ነው፤ አንድም እኛ ነን የዞርነው።»

«አንተ የዞርከውስ ዱሮ ነው» ትለዋለች ማንጠግቦሽ።

ቢተው የባጃጅ ጋራዥ አለው። ይጁቤ አጠገብ ያደገ፣ እስካሁንም ከእናቱ የቀረለትን መሬት በእኩል የሚያሳርስ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ፣ ግን ከያዘ የማይለቅ ሰው ነው። እሱና እንዳላማው ቅዳሜ ቅዳሜ ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት። ያጣላቸው ዶቪን ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ በታየው ክፍል ዶቪን ብቻውን ከመተላለፊያው ጨለማ ውስጥ ይቆማል። ግራና ቀኝ ያያል። መዳፉን ይከፍትና የያዘውን ጥሬ አፉ ውስጥ ከትቶ ይቆረጥማል። በቃ፤ ሌላ ምንም የለም። ግን መርከቧ ውስጥ የተሸሸገ አንድ ከዳተኛ አለ፤ ይህቺ ጭብጥ ጥሬ የድራማው ሁሉ ቁልፍ ናት። ስንዴው ያለው ለዕለት ጉርስ በተፈቀደው በሦስተኛው ጎተራ ነው፤ ጥሬው ስንዴ ከሆነ ዶቪን የራበው ሰው ብቻ ነው፤ ከዳተኛውም ሌላ ነው፤ ሴላ ሳትሆን አትቀርም። ገብሱ ያለው ግን በታሸገው በሰባተኛው ጎተራ ነው። ጥሬው ገብስ ከሆነ የታሸገውን የሰበረው ዶቪን ነው።

በማግስቱ መሳፍንት የቴሌቪዥኑን መስኮት በስልኩ ፎቶ አንስቶ መጣ። ፎቶው ደብዝዟል። አራት ራስ አንድ ስልክ ላይ ተደፋ።

«ስንዴ ነው» አለ እንዳላማው።

«ገብስ ነው» አለ ቢተው። «ሁለቱም ጫፉ የሾለ ነው። ስንዴ ሆዱ ነፋ ይላል። እኔ እናቴ ገብስ ስታበጥር እግሯ ሥር ነው ያደግሁት።»

«ገብስ ከነገለባው ይቆረጠማል? ሲያኝክ አይተኸዋል፤ አንዴም እንትፍ አላለም። ገብስ ቢሆን ገለባው ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ያስለው ነበር።»

«ገለባውን ራሱ የሚጥል ሰነፍ ገብስ የሚባል አለኮ። እሱን አታውቀውም?»

«ፈረንጅ ሰነፍ ገብስን ከየት አምጥቶ ነው ሰማይ የሚያወጣው?»

«የዓለምን ዘር በሙሉ ጭነናል አላሉም? ወይስ የጎጃምን ጥለው ነው የሄዱት?»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። እንዳላማው አልሳቀም። «አንድም ስንዴ ነው፤ አንድም ገብስ ነው፤ አንድም ለተዋናዩ የሰጡት ሽንብራ ነው» አለ መሳፍንት፤ ሁለቱም በአንድ አፍ ዝም አሰኙት። ክርክሩ እየጋለ፣ ድምፅ እየወጣ፣ በመንገድ ያለፈው ሰው ሁሉ ቆም እያለ ሄደ። በመጨረሻ ቢተው ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ «ተው እንዳላማው፤ አንተኮ የምታውቀው ዱቄት ነው። እህል የሚያውቀው መሬት ያለው ሰው ነው» አለ።

ይህን ያለው ከአፉ አምልጦት ይሁን አስቦበት እሱ ያውቃል። እንዳላማው ግን የአባቱ መሬት ሲሸነሸን የመለኪያውን ገመድ ይዞ ከዳር እስከ ዳር የሮጠው እሱ ነበር፤ ገመድ ያዥ ሆኖ ቀረ። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ወፍጮ ተክሎ፣ ልጅ አስተምሮ፣ ያቺ ገመድ እንደገና መዳፉን ፈጀችው። ከመቀመጫው ተነሣ።

«ሚካኤልን፣ ከዛሬ ጀምሮ ጥሬው ገብስ ነው ያለ ሰው እግሩ ግቢዬን አይረግጥም።»

«በስመ አብ» አለች ማንጠግቦሽ አማትባ። «ለቴሌቪዥን ነገር ሚካኤልን ይጠራሉ?»

እንዳላማው የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው፤ በወር በወሩ ጽዋው ሲዞር የሚጠጣ። የማለው በሰው ፊት ነው። ቃሉን ከአፉ ሲያወጣው ትልቅ ሥራ የሠራ መስሎት ነበር። ቤቱ ገብቶም ለየኔአለም እያጋነነ ነገራት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ቆመ።

«ማንን ነው አይገባም ያልከው?»

«ቢተውን ነዋ።»

ምስሩን አስቀምጣ ወደ ጓዳ፣ ወደ ዜማ ገባች። ድራማው አንገሽግሿት ነው ብሎ አለፈው።

ለካ የኔአለም የምታውቀው ነገር ነበር። ዜማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ይታያል ከሚባል፣ ይጁቤ ከሚያስተምር ልጅ ጋር ከተዋደዱ ሰነባብተዋል። እናት ከመጀመሪያው ታውቃለች፤ አባት እንደ ወጉ በመጨረሻ ነው የሚሰማው። እንዳላማው የሰማው ትናንት ቅዳሜ ነው፤ ነገ ሽማግሌ ይመጣል ተባለ። ደስ አለው። ግቢውን ራሱ ጠረገ፤ አግዳሚውን ከወፍጮ ቤት አስመጥቶ በረንዳው ላይ አቆመ። የልጁ አጎቶች ናቸው የሚመጡት ብሎ ነበር የገመተው። ዛሬ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ዜማ ፎጣ ይዛ ከጎኑ ቆመችና «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹን የሚመራው ጋሼ ቢተው ነው» አለችው።

ውሃው በጣቶቹ መሃል ፈሰሰ።

«ምን ቤት ነው እሱ?»

«የይታያል ክርስትና አባት ነው። አባቱ የሞተው ልጁ ገና ዳዴ ሲል ነበር፤ ጋሼ ቢተው ነው ያሳደገው።»

«ሌላ ሰው የለም? አጎት የለውም? አሁን ደውይለትና ሌላ ሰው ይላክ።»

«ብዬው ነበር አባዬ። ‹ያሳደገኝን ሰው ደጅ አስቀርቼ ሚስት አልጠይቅም› ብሏል።»

«አንቺስ?»

ዜማ ፎጣውን ሰጠችው። «እኔማ ልክ ነህ አልኩት።»

ከዚያ በኋላ ከመሐላው እንዲፈቱት ወደ መምሬ ስልክ ደወለ፤ ስልካቸው ዝግ ነበር፤ ቅዳሴ ላይ ናቸው። እንደገና ደወለ። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰበት። አሞኛል ብሎ ተኝቶ መቅረትም አሰበ። የኔአለም ቁጭ ብላ ስታየው ቆየችና አንዲት ነገር ብቻ ተናገረች፦ «የማልከው አንተ ነህ፤ የምትከፍለው ግን እሷ ናት።»

እና አሁን በሩ ላይ ናቸው።

«ቤቶች» አሉ መምሬ።

ቤት ለእንግዳ ማለት ነበረበት። ግን ለማን ቤት ለእንግዳ ይበል? መቀርቀሪያውን ሳበና ዝም ብሎ በሩን ከፈተው። መምሬ መስቀላቸውን አሳለሙትና ገቡ። መሳፍንት ዓይኑን ሰብሮ ተከተላቸው። ቢተው ከበሩ ፊት ካለው ቦይ ማዶ፣ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ና እንጂ ቢተው» አሉ መምሬ ዞር ብለው።

«እዚህ ይበቃኛል አባቴ። እንዳላማው ሚካኤልን ጠርቷል። እኔ ገብቼ እሱን ከመልአኩ ጋር አላጣላውም።»

ቢተው ቢሰድበው እንዳላማው በወደደ ነበር። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረው።

«በምን ነገር ነው የማልከው?» አሉ መምሬ። እንዳላማው መሬት መሬት ያያል። ቢተው ወደ መንገዱ ያያል። መሳፍንት ጉሮሮውን ጠርጎ ነገሩን ከነመርከቡ፣ ከነጎተራው፣ ከነዶቪን ዘረዘረው። መምሬ ቴሌቪዥን የሌላቸው ሰው ናቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ በጥሞና ሰሙት።

«አባቴ፣ እርስዎ ይፍቱኝ» አለ እንዳላማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁኑኑ ይፍቱኝና ይግባ።»

«ዛሬ ለማኝ ሆኜ ነው የመጣሁት። ለራሴ ልመና ስል መሐላ ብፈታ መስቀሉ ያፍርብኛል። ሰንበት ይለፍና ና፤ ቀኖናህን ትቀበላለህ።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት...»

«ሽማግሌ ከበር ከተመለሰ ልጄን አልሰጥም ማለት ነው፤ ይሄን ታውቀዋለህ። ወጉን እኔ አላወጣሁትም።»

መሳፍንት ወደ ውጭ አንገቱን አስግጎ «ቢተው፣ ስንዴ ነው በልና ግባ በቃ» አለ።

«ለክርስትና ልጄ ሚስት ልጠይቅ መጥቼ መስቀል ፊት ልዋሽ?»

መምሬ ግን ነገሩ ከንክኗቸው ኖሮ፣ «ቆይ» አሉ፤ «ሰባተኛው ጎተራ ታሽጓል አላችሁ አይደለም? ታዲያ ማኅተሙ ሲሰበር ያየ የለም?»

ይህቺን ጥያቄ ባይጠይቋት ጥሩ ነበር።

«የለም አባቴ፣ ማኅተሙ ደህና ነው» አለ እንዳላማው፤ ምላሱ ከየት እንደተፈታ አላወቀም። «በቀደም ሴላ በእጇ ስትዳስሰው ታይቷል። ስለዚህ ሰባተኛው አልተከፈተም፤ ስለዚህ ገብስ ሊሆን አይችልም።»

«የዳሰሰችው የውጩን ነው» አለ ቢተው ከማዶ። «የውስጡን መቼ አሳዩን?»

«ውስጥና ውጭ ያለው በር የት አይተሃል?»

«የሞተር ክፍሉስ? የሞተር ክፍሉ ከሰባተኛው ጀርባ አይደለም? ዶቪን ደግሞ የሞተር ሰው ነው። በጀርባ ገባ እንጂ በፊት ገባ ያለህ አለ?»

«የጀርባው መተላለፊያማ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቀኝ ነበር...»

«ወደ ቀኝ ነበር፤ አሁን ወደ ግራ ነው። ለምን ዞረ? እኔ የምለው እኮ እሱን ነው።» ቢተው ቦዩን ተሻግሮ እየመጣ ነው። ጋቢው ከትከሻው ወርዷል፤ እጁ አየር ላይ መርከብ ይስላል። «ተመልከት፣ ይሄ ሞተሩ ነው፣ ይሄ ጎተራው ነው፣ መሃሉ ላይ...»

እግሩ ተነሥቶ ከደፉ በላይ ደረሰ። የኔአለም በረንዳው ላይ ሆና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አትግባ» አለ እንዳላማው።

ጮክ ብሎ ነው ያለው። መሐላውን አስቦ፣ ሚካኤልን ፈርቶ ነው ያለው፤ ግን ከሰው አፍ የወጣው አትግባ ነው። ልጅ ልትጠየቅ፣ በሰንበት፣ በመስቀል ፊት፣ ሽማግሌን የሴቲቱ አባት አትግባ አለው። ማዶ ያሉ ጎረቤቶች በራቸው ላይ መቆም ከጀመሩ ቆይተዋል፤ እነሱም ሰሙ።

ቢተው እግሩን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ መለሰ። ጋቢውን አስተካከለ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው።

«ሰማችሁ» አለ ለሁለቱ። «እኔ ሄጃለሁ።»

መሳፍንት አንድም አላለ። መምሬ መስቀላቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው ወደ በሩ ዞሩ። ከቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም አልተሰማም። እንዳላማው ያን ዝምታ አወቀው። ዜማ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት።

ወጉ የሚለው የታወቀ ነው። የሴት ልጅ አባት ከቤቱ ተቀምጦ ይለመናል እንጂ አይነሣም። ዘመድ ላማክር ይላል፤ ሌላ ጊዜ ኑ ይላል፤ ፊቱን ያጠቁራል፤ ሰጥቻለሁ የሚለውም ጉልበት እስኪያልቅ ከተለመነ በኋላ ነው። ሽማግሌ ተከትሎ መንገድ የወጣ የሴት ልጅ አባት ማርቆስ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። ቢወጣ ልጁን በየመንገዱ አዞረ ይሉታል። ይህቺ የማዶዋ ጎረቤት ብቻዋን ወሬውን ለከተማው ለማዳረስ ትበቃለች።

እንዳላማው ወደ በረንዳው ሄዶ አግዳሚውን በአንድ ጫፉ አነሣው። ከባድ ነው፤ ጆንያ የሚደረደርበት የወፍጮ ቤት አግዳሚ ነው። ሁለት እርምጃ ጎትቶት መሬቱን ሲፍቅ፣ ከኋላ ቀለል አለው። ዞር ሲል የኔአለም በሌላው ጫፍ ይዛለች። አላየችውም። ከፊቷ ያለውን በር ብቻ እያየች «ሂድ» አለችው።

በበሩ ወጡ። ቦዩን ተሻገሩ። መንገዱ መሃል ላይ አስቀመጡት።

«ቢተው፣ ቁም» አለ እንዳላማው።

ቢተው ዞረ። አግዳሚውን አየ፤ የኔአለምን አየ፤ ከዚያ እንዳላማውን።

«ግቢዬን አይረግጥም ብዬ ነው የማልኩት። መንገዱ የኔ አይደለም። እዚህ ተቀመጥ።»

«የሴት ልጅ አባት መንገድ ላይ ወጥቶ ሽማግሌ ይለምናል?»

«ይለምናል። እያየኸው አይደለም?»

ቢተው አልተንቀሳቀሰም። አንድ ባጃጅ ከላይ እየወረደ መጣ። አግዳሚው መንገዱን ዘግቶታል፤ ሹፌሩ ጥሩምባ ሊነፋ ብሎ መስቀል የያዙ ቄስ ሲያይ እጁን ሰበሰበ፤ ሞተሩንም አጠፋ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን አወጡ።

«ያን ቀን» አለ ቢተው ወደ እንዳላማው ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «የመሬቱን ነገር ያነሣሁት...»

«አሁን እሱን ተወው። ልጆቹ ይጠብቃሉ።»

ቢተው ጥቂት አየው። ከዚያ መጥቶ ከአግዳሚው ጎን ቆመ፤ አልተቀመጠም። መምሬ በቀኙ፣ መሳፍንት በግራው ሆኑ። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም፤ መንገድ ላይም ቢሆን ወግ ወግ ነው። ቢተው ጋቢውን አጣፋ።

«ወንድማችን እንዳላማው፣ እህታችን የኔአለም፣ ወደ እናንተ የመጣነው ዝምድና ፈልገን ነው። ልጃችን ይታያል...» እዚህ ላይ ቆመ። ያማረ ንግግር ተዘጋጅቶ ነበር፤ መሳፍንት ቅኔ ሊያስገባበት ሁሉ አስቦ ነበር። ቢተው ግን «እኔ ነኝ ያሳደግሁት» አለ፤ «ክፉ ልጅ አይደለም። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን።»

እንዳላማው አሁን ዘመድ ላማክር ማለት ነበረበት። የኔአለም በእጇ ጀርባ ክንዱን ነካችው፤ ተው ማለቷ ይሁን በል ማለቷ አልለየም።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

መሳፍንት አፉ ተከፈተ። «እንዴ፤ ቀጠሮ አትሰጠንም? ሁለተኛ ኑ አትለንም?»

«ሁለተኛ ብትመጡ የት ላስቀምጣችሁ?»

መምሬ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቢተው ግን አልሳቀም። አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። እንዳላማው ከጎኑ ተቀመጠ።

ዜማ በሩ ላይ ታየች። ነጠላዋን በጥድፊያ ነው የጣለችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። ደፉ ላይ ቆመችና ወደ አባቷ አየች፤ ልውጣ? የሚል አስተያየት ነው። ልጅ ስትሰጥ መንገድ ላይ አትወጣም። እንዳላማው በራሱ ጠቅሶ ነይ አላት። ቦዩን ተሻገረች፤ የመምሬን መስቀል ተሳለመች፤ ከዚያ የቢተውን ጉልበት ልትስም ዝቅ ስትል፣ ጉልበቷ ኮረኮንቹን ሳይነካ ቢተው በሁለት እጁ ያዛትና አነሣት።

«መሬቱ ይቆረቁርሻል» አላት። «ተይ፤ ደርሶኛል።»

መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው መመረቅ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ቆመ፤ የባጃጁ ሹፌር ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። ምርቃቱ ሲያልቅ አሜን ተባለ፤ እልል የሚባልበት ሰዓት ነበር፤ ግን መንገድ ላይ ማን ይጀምረው? የኔአለም ከንፈሯን ነክሳ ማዶ ያለችውን ጎረቤቷን ትመለከታለች። ይሄኔ ከባጃጁ ውስጥ አንዲት ባልቴት፣ ማን እንደተሰጠች ለማን እንደተሰጠች የማታውቅ መንገደኛ፣ አንገቷን አውጥታ እልልታዋን ለቀቀችው። የኔአለም ተቀበለቻት። ከዚያ የማዶዋ ጎረቤትም፣ ሳትወድ በግድ ይሁን ወድዳ እንጃ፣ ከበሯ ላይ ሆና አከለችበት።

እንዳላማውና ቢተው አግዳሚውን ግራና ቀኝ ይዘው አነሡና ባጃጁን አሳለፉት።